ወንዝ ያልተሻገረው ቅጠል

ባለፈው ሰኞ ጠዋት የስፌት መኪናዬን ወደ በረንዳ ሳወጣ አጥሬን ተመልጦ አገኘሁት። ሰቆጣ ውስጥ ብዙው ሰው ግቢውን በቆርቆሮ ካጠረ ቆይቷል። እኔ ግን ባደግሁበት ግቢ እናቴን ይዤ የምኖር ነኝና አጥሬ ዛሬም ያው የልጅነቴ ስሚዛ ነው። ከሰው ቁመት በላይ የሄደ፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ብሎ ከመንገድ ወደ ውስጥ የማያሳይ አጥር ነበር። ያን ጠዋት በመንገዱ በኩል ያለው ሁሉ ቅጠሉ ተሸምጥጦ ዘንጉ ብቻ ቆሟል። መንገደኛው እኔን ያያል፣ እኔም መንገደኛውን አያለሁ። መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው ስድብ ነው፤ የምሰድበው ሰው ግን በአካባቢው አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቴ ዘነበች ብቅ አለች። የእኔን ቅጠል በዘንቢል ሞልታ ይዛለች። የመጣችው ልትመልስልኝ ሳይሆን ልታስረዳኝ ነው።

«አትቆጪኝ እንጂ፣ ሰው ሁሉ ሲወስድ እኔ ብቻ ልቅር?» አለችኝ። «ትናንት ራዲዮኑን አልሰማሽም እንዴ? ስሚዛ ለጉበት ፍቱን ነው ተባለ እኮ! ለየወፍ በሽታ ሳይቀር ይሆናል አሉ።»

የዘነበች ባል አስፋው አረቄ ቤት ውሎ አረቄ ቤት የሚያመሽ ሰው ነው። ከመውጣቱ በፊት አንድ ብርጭቆ የስሚዛ ውሃ ልታጠጣው አስባለች፤ ከዚያ በኋላ ያሻውን ያህል ቢጠጣ ጉበቱ አይነካም። አስፋውም ሲነግሩት በጣም ደስ ብሎታል አሉ። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ወሬ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። ያን ጠዋት ግን ጆሮዬ «የወፍ በሽታ» የሚለው ላይ ቀርቶ ነበር። ዓይንና ገላን ቢጫ የሚያደርገውን የጉበት ሕመም ነው እንዲህ የምንለው፤ የሌሊት ወፍ ያመጣዋል እየተባለ ስሙ ከዚያ ወጣ።

የራዲዮው ዝግጅት ረቡዕ በድጋሚ ሲተላለፍ ሥራዬን አቁሜ አዳመጥኩ። የቀረበው የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው። ብረት እርጥበት ሲያገኘው እንደሚዝግ ሁሉ ጉበትም በመርዝና በመጠጥ ብዛት ከውስጥ እየተበላ ይሄዳል፤ በስሚዛ ቅጠል ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ያንን ጉዳት ይከላከላሉ፣ አንቲኦክሲዳንት ይባላሉ አለ። ቅጠሉን ለአይጦች አስቀድመው አጠጥተው፣ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ከዚያ በኋላ ሲሰጧቸው፣ ጉበታቸው ሳይጠጡ እንደ ቀሩት አልተጎዳም። ጋዜጠኛዋ «ለሰውስ?» ስትለው «ለሰው ገና ነው፣ ብዙ መጠናት አለበት፣ ማንም በራሱ እየቀጠፈ እንዳይጠጣ» ብሎ መለሰ። ይህን ሲል የሰቆጣ ሰው ራዲዮኑን ትቶ ወደ እኔ አጥር ወጥቶ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ ቅጠሉን ለተመራማሪዎቹ ያሳያቸውን የባህል መድኃኒት አዋቂ አቀረቡ። ድምፁን አላውቀውም። «አባቴ አባ ገብሩ ለየወፍ በሽታ ይሰጡት የነበረው ይኸው ነው፣ ስሙም ስሚዛ ይባላል» አለ። እንዲህ በቀላሉ፣ አገር እየሰማ፣ ስሙን ጠራው። እኔ መቀሴን እንደያዝኩ ቀና ብዬ የተመለጠውን አጥሬን አየሁት። ከዚያ በኋላ ራዲዮኑ ምን እንዳለ አላውቅም።

የአባ ገብሩን ስም ከሰማሁ ብዙ ዘመኔ ነው። የሰማሁትም ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እኔ ገና ስፌት በምማርበት ጊዜ፣ ወንድሜ ንጉሤ የታመመበት ክረምት ነው።

ንጉሤ ታላቄ ነው። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤቱን የያዘው እሱ ነበር። ሥራው ፍየል ንግድ ነው፤ ወደ አበርገሌ ቆላ ይወርድና ከኒሯቅ ገበያ ፍየል ገዝቶ እየነዳ ሰቆጣ ያመጣል። የመጣ ቀን ግቢያችን በጩኸትና በፍየል ሽታ ይሞላል። እነዚያ ፍየሎች የማይበሉት ነገር አልነበረም፤ የእማን ነጠላ ከተሰጣበት አውርደው ያኝካሉ፣ ያደረ ጆንያ ይበላሉ፣ አንድ ጊዜ የእኔን ደብተር ከነሽፋኑ ጨርሰውታል። አጥሩን ግን አይነኩትም። ንጉሤ «ፍየል የናቀውን ቅጠል ማን ይበላዋል?» እያለ ይስቅ ነበር። አበባው ግን ሌላ ነው። ስሚዛ ከዝናቡ በኋላ ነጭ አበባ ያወጣል፤ አበባውን መዝዞ ሥሩን ሲመጡት ትንሽ ጣፋጭ ውሃ አለው። ልጆች ሳለን ከንቦች ጋር እየተሻማን እንመጠው ነበር። ንጉሤ ጎልምሶ፣ ጢም አውጥቶም፣ ከገበያ ሲመለስ በሩ ላይ ቆም ብሎ አንድ ሁለት አበባ ሳይመጥ አይገባም።

የዚያን ዓመት ነሐሴ ከኒሯቅ ሲመለስ አበባ ለመምጠጥ አልቆመም። ፍየሎቹን አስገብቶ መደቡ ላይ ጋደም አለ። ምግብ ሲያይ አፉን ይይዛል፣ እንኳን ሊበላ ሽታው ያስታውከዋል። የመንገድ ድካም ነው አልን። በነጋታው እማ ፊቱን ልታጥበው ወደ በሩ ብርሃን ስታወጣው የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኖ አየችው። ማሰሮውን ከእጇ ጣለችው። ምን እንደሆነ ለመንገር ሌላ ቃል አላስፈለጋትም።

ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሱ ወጣት ነው፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ። ሆዱን ዳስሶ፣ ዓይኑን አይቶ «ጉበቱ ነው፣ ምግብ ስለማይረጋለት ግሉኮስ ልስቀልለት» አለ። አያ ካሴ ይህን ሲሰማ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሳ። አያ ካሴ የእማ ታላቅ ወንድም ነው፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ በቤታችን ጉዳይ የመጨረሻ ቃል የእሱ ነበር።

«መርፌ? ለየወፍ በሽታ መርፌ?» አለ። «ልጁን ልትገድልልን ነው?»

ይህን የሚለው አያ ካሴ ብቻ አይደለም። የወፍ በሽታ የያዘው ሰው መርፌ ከነካው ያበቃለታል ተብሎ አገር ያምን ነበር፤ ዛሬም የሚያምን ሞልቷል። ነርሱ ተከራከረ፣ ለመነ፣ በመጨረሻ ደከመው።

«እሺ፣ መርፌው ይቅር» አለ ወደ እማ ዞሮ። «ግን አታንገላቱት፣ ቤቱ ይተኛ። ማርም ቢሆን፣ በሶም ቢሆን፣ ቀጭን አድርጋችሁ ትንሽ ትንሽ ስጡት። ከባሰበት ቶሎ መልሱት። ብዙው ሰው ከዚህ በሽታ በዕረፍት ይድናል።»

ከዚያ ክረምት ትዝታዬ ውስጥ በክፉ የማላነሳው ሰው ይህ ነርስ ነው።

አያ ካሴ ግን መላ ነበረው። እሱ ራሱ በጎልማሳነቱ በዚህ በሽታ ተይዞ ከወንዝ ማዶ ያሉ አባ ገብሩ የሚባሉ ሰው አድነውታል። አባ ገብሩ ቄስ አይደሉም፣ ገበሬ ናቸው። አባ ያስባላቸው ዕድሜያቸውና መድኃኒታቸው ነው። አንድ ቅጠል አላቸው፤ ጨቅጭቀው፣ በውሃ በጥብጠው፣ በቅል ያጠጣሉ። ምን ቅጠል እንደሆነ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም፤ ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይሄዳል። ታዲያ እማ «ሰው ልከን እናስመጣው» ስትል አያ ካሴ ሳቀባት።

«መድኃኒት ወንዝ ከተሻገረ እንደሚረክስ አጥተሽው ነው? ቅጠሉ ያለው በእሳቸው በኩል ነው። ልጁን ነው የምናሻግረው።»

እኔ ያኔ አፌ የፈታ ጉረኛ ነበርኩ፣ ተማርኩ የምል፤ በዚህ ነገር ግን አንድ ቃል የምለው አልነበረኝም። መድኃኒት ወንዝ እንደማይሻገር እኔም ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነው። ስለዚህ ዕረፍት የታዘዘለትን ሰው በቃሬዛ አድርገን ለቀናት መንገድ ተነሳን።

የሰፈሩ ጎረምሶች እየተፈራረቁ ተሸከሙት። ዋግን በበጋ ብቻ ያየ ሰው ድንጋይ ብቻ ይመስለዋል፤ በነሐሴ ግን ያ ሁሉ ተራራ አረንጓዴ ይለብሳል፣ ገብሱ ይዘናፈላል፣ ደመናው መንገዱ ላይ ወርዶ ከእኛ ጋር ይሄዳል። ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። በየመንደሩ ስናልፍ ሰው አስከሬን መስሎት ከደጁ ወጥቶ ያለቅስ ይጀምራል፤ ያኔ ንጉሤ ጋቢውን ከፊቱ ገልጦ «ገና ነኝ፣ ገና ነኝ» ይላል። አንዴም ለተሸካሚዎቹ «እግር እያለኝ እንደ ጳጳስ አዞራችሁኝ፣ ስድን በምን ዓይኔ አያችኋለሁ?» አላቸው። ሳቁ። እኔ በሶና ማር በአገልግል ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። ማሩ የሰቆጣ ነጭ ማር ነው፣ ለነርሱ ትእዛዝ ብላ እማ ከዓመት በዓል ያስቀረችው።

የዚያን ወንዝ ስም እስከ ዛሬ በአፌ አልጠራውም፤ እዚህም አልጽፈውም። ቁልቁለቱን ጨርሰን ስንደርስ ድምፁ ቀድሞ ነገረን። ሞልቷል። ቡናማ ውሃ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ግራር እያንከባለለ ይሄዳል። ከዳር ቆመን ተያየን። አያ ካሴ «ነሐሴ ውሃው ጠዋት ሞልቶ ማታ ይጎድላል፣ እንጠብቅ» አለና ንጉሤን ከአንድ ድንጋይ ጥላ ሥር አስተኛነው።

ወሬው በገደሉ ላይ ባሉ እረኞች ጩኸት ተላልፎ አባ ገብሩ በማዶ በኩል ወርደው መጡ። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፣ ጋቢያቸው በዝናብ ገላቸው ላይ ተለጥፏል። በእጃቸው ቅል ይዘዋል። መድኃኒቱ ተበጥብጦ መጥቷል! ወንዙ እዚያ ላይ ጠበብ ስለሚል ከጮኹ ይሰማል። እማ በኽምጣኛ ለመነቻቸው፤ እኔ የከተማ ልጅ ስለሆንኩ ቋንቋውን በግማሽ ነው የምሰማው፣ ልመናው ግን ሁሉም ገባኝ።

እኛ በቆምንበት በኩል ክረምት ክረምት መንገደኛ የሚያሻግር ዋናተኛ ነበር። ወደ እማ ጠጋ ብሎ «በዚህ ውሃ በሽተኛ ማሻገር አይሞከርም» አላት። «እኔ ብቻዬን ግን እወጣዋለሁ። የቅሉን አፍ በሰም ደፍኜ አንገቴ ላይ አስሬ አመጣልሻለሁ።»

እማ ይህን ጮኻ ነገረቻቸው። አባ ገብሩ እጃቸውን አወዛወዙ።

«አይሆንም! ውሃ ከተሻገረ ረክሷል። የረከሰ ሰጥቼ ልጅሽን አልገድልም። ውሃው ይጉደል፣ እኔ ከዚህ አልነቃነቅም!»

ያኔ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው። ወደ ዳር ሮጬ «እንግዲያው የቅጠሉን ስም ይንገሩን! በእኛ በኩልም ካለ እንቁረጠው!» ብዬ ጮኽኩ። አያ ካሴ ክንዴን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ። «አንቺ ባለጌ! የመድኃኒት ስም በአደባባይ ይጠየቃል?» አለኝ። አባ ገብሩ ከማዶ ቅሉን ደረታቸው ላይ ይዘው «ልጄ፣ አባቴ አስምሎኛል» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ክፉ ሰው ቢሆኑ ለእኔ ይቀለኝ ነበር። አልነበሩም። የፍልሰታ ጾም ነው፣ እህል ሳይቀምሱ በዝናቡ ውስጥ ቅሉን በጋቢያቸው ሸፍነው እንደ እኛው ውሃው ላይ አፍጥጠው ዋሉ። ሲመሽ እዚያው ኩርምት ብለው አደሩ፤ ሲነጋም እዚያው አየናቸው። ውሃው አልጎደለም፣ ከላይ ሲዘንብ አድሯል።

መድኃኒቱ የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው። ውሃው መቼ እንደሚጎድል ስለማይታወቅ፣ በጎደለ ሰዓት ንጉሤ ዝግጁ ሆኖ እንዲገኝ፣ አያ ካሴ ምንም እንዳይቀምስ ከለከለ። ከሰቆጣ ስንነሳ ጀምሮ ጥቂት ጥቂት ይቀማምስ የነበረው ልጅ ወንዙ ዳር ከደረስን በኋላ እህል በአፉ አልዞረም። ማስታወኩ ተወት አድርጎት ነበርና ራሱ ጠየቀ።

«ሙሉ፣ በሶ በጥብጪልኝ» አለኝ። ድምፁ ሰልሏል። «ራበኝ።»

በሽታው ከያዘው ጀምሮ ራበኝ ያለው ያኔ ገና ነው! እማ አገልግሉን መፍታት ጀመረች፣ አያ ካሴ እጇን ያዘ። «እስካሁን ታግሠሽ አሁን ልታበላሺው ነው? ውሃው እየጎደለ ነው፣ አታይም?» አላት። እማ ወደ ውሃው አየች፣ ወደ ልጇ አየች፣ አገልግሉን መልሳ አሰረችው። ልጇን ልታድን ብላ ነው ያሰረችው፤ ይህን መቼም አልዘነጋም። እኔ ግን አያ ካሴ ፊቱን ሲያዞር ጣቴን ማር ውስጥ ነክሬ በጋቢው ሥር ለንጉሤ አጎረስኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ጣቴን መጠጠ። «አበባ አበባ ይላል» አለኝ። ደግሜ ስነክር አያ ካሴ ደረሰብኝና አገልግሉን አንስቶ እስኪወረውር ደረሰ፤ ማሩንም ነጥቆ ራሱ ዘንድ አስቀመጠው።

ከዚያ በኋላ ንጉሤ ሰው መለየት ተወ። እማን በእኔ ስም፣ እኔን በሆነ ፍየል ስም ጠራን። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ነገር ይደጋግማል።

«ፍየሎቹ ገቡ?» አለ።

«ገብተዋል» አልኩት።

«ሁሉም?»

«ሁሉም ገብተዋል፣ ንጉሤ።»

እሺ የሚል ይመስል ራሱን ነቀነቀ። ዝናቡ ባረፈበት፣ ፀሐይ ገደሉ ላይ ብልጭ ባለችበት ሰዓት፣ ከድንጋዩ ሥር አረፈ። የእማን ጩኸት የማዶው ሰው ትርጉም ሳያስፈልገው ሰማው። አባ ገብሩ ቆመው ቆዩ፣ ከዚያ ቅሉን ገልብጠው መድኃኒቱን ድንጋይ ላይ አፈሰሱት። ለአንዱ የተበጠበጠ ለሌላ አይሰጥም። ጋቢያቸውን በፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ቁጭ አሉ።

ወደ ማታ፣ እኛ አስከሬኑን ስናሰናዳ፣ ወንዙ ጎደለ። ከማዶ የመጡ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በእግራቸው እየተሻገሩ አብረውን አለቀሱ።

አያ ካሴ እስኪሞት ድረስ ልጁን የገደለችው የሙሉ ማር ናት ይል ነበር። በተዝካር፣ በሠርግ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ይለዋል፤ ምግብ ስለቀመሰ ነው ዕድሉ የተዘጋው ይላል። ቀብሩ ላይ እንባ አልወጣኝም። እማ የንጉሤን አርባ ካወጣች በኋላ ጠበል እጠመቃለሁ ብላ ብቻዋን ሄዳ ቆይታ ተመለሰች። ስትመለስ ያች የድሮዋ እማ አልነበረችም፤ ነገር ትውጣለች፣ አትናገርም። ከጊዜ በኋላ አንድ ልማድ አመጣች። ክረምት ሲገባ ጠዋት ጠዋት የሆነ መራራ አረንጓዴ ውሃ በጥብጣ ታጠጣናለች፣ መጀመሪያ እኔን፣ ኋላም ልጆቼን። «ለትል ነው» ትላለች። ልጆቼ አፍንጫቸውን ይዘው እየጮሁ ይጠጡ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ሰው ሁሉ ቆርቆሮ ሲያጥር እኔም ላጥር ስል እማ አሻፈረኝ አለች፤ እኔ ሳልሞት ይህ አጥር አይነቀልም ብላ ከዘንጎቹ ፊት ቆመች። የእርጅና ግትርነት መስሎኝ ተውኩት። በዚያው ዘመን ወንዙም ላይ ድልድይ ተሠራ፤ አውቶቡሱ በትንፋሽ ጊዜ ውስጥ ይሻገረዋል። እኔ ያለፍኩ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያለፍኩት።

ይህን ሁሉ ነው ረቡዕ ዕለት መቀሴን ይዤ የተመለጠው አጥሬ ላይ አፍጥጬ ያሰብኩት። ቅጠሉ ደጃችን ላይ ነበር። ንጉሤ ዕድሜውን ሙሉ ጀርባውን ሲያስደግፍበት፣ አበባውን ሲመጥ ያደገው ቅጠል! እሱን ፍለጋ ነው ከአልጋው አንስተን፣ ተራራ አውርደን፣ አስርበን የገደልነው። ያ ወንዝ ከተሻገረ ይረክሳል የተባለ ቅጠልም ዛሬ ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ በመኪና ተጭኖ፣ ስንት ወንዝ ተሻግሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ተከዜን ይሁን አባይን ማን ያውቃል። አልረከሰም። አይጦቹ ድነዋል፣ እንኳን ደስ ያላቸው።

የፈራሁት ለእማ ነው። ዓይኗ ደክሟል፣ ጉንፋን ይዟት ሰሞኑን ከአልጋ አልወረደችም፣ አጥሩን አላየችም። እሷ የኖረችው አቅማችንን አድርገናል፣ ወንዙ ነው የከለከለን በሚለው ነው። ያንን ከእጇ ብነጥቃት በዚህ ዕድሜዋ ምን ይተርፋታል? ላለመንገር ወሰንኩ።

ሐሙስ ጉንፋኑ ለቀቅ አደረጋትና ደግፌ አወጥቻት ሁልጊዜ በምትቀመጥበት፣ በአጥሩ ጥግ አስቀመጥኳት። ጥቂት ቆይታ ፊቷን በእጇ ከለለች።

«ምነው ዛሬ ፀሐዩ በዚህ በኩል መታኝ?»

«አጥሩ ትንሽ ሳስቷል እማ። ፍየል በልቶት ነው» አልኳት። የመጣልኝን ነው ያልኩት።

እማ ፈገግ አለች። «ንጉሤ ያን ሁሉ ፍየል ሲያስገባ ያልነኩትን፣ ዛሬ የየት አገር ፍየል መጣ?» አለች። ከዚያም እጇን ዘርግታ አንድ ባዶ ዘንግ ዳሰሰች። «ራዲዮኑን አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። አንቺ እንዳትሰሚው ነበር የፈራሁት።»

ቀስ ብላ ነገረችኝ። አርባው ካለፈ በኋላ የሄደችው ጠበል አልነበረም። ወንዙ ሲጎድል ተሻግራ አባ ገብሩን ልትረግማቸው ነበር የሄደችው። ሽማግሌው እግሯ ላይ ወድቀው አለቀሱ። «ልጅሽን ልሰጥሽ ስላልቻልኩ ስሙን ልስጥሽ» ብለው ከጓሯቸው ቀጥፈው አሳዩዋት፤ ለማንም እንዳትናገር በታቦት አስማሏት። ስታየው የራሷ አጥር ነው። እየጮኸች ተሻግራ ተመለሰች።

«ለትል ብዬ ያጠጣኋችሁስ ምን ይመስልሻል?» አለችኝ። «ሳይመጣብኝ ልቅደመው ብዬ ነው። ለታመመ ጎረቤትም ለትል ነው እያልኩ ሰጥቻለሁ። ጠጥተው የዳኑ አሉ፣ ጠጥተው የሞቱም አሉ።»

ተናደድኩ። እዚያው ፀሐዩ ላይ፣ እናቴ ላይ፣ ገንፍዬ ተናደድኩ። «ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ዝም ትይኛለሽ?» አልኳት።

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ወንድምሽ መድኃኒቱን ደጁ ላይ ጥሎ ሄዶ ሞተ ልበልሽ? ከምትበግኚ ወንዙን ብትጠዪ ይሻልሻል ብዬ ነው።» ባዶውን ዘንግ ለቀቀችው። «ቅጠሉን ባገኘ ኖሮ ይድን እንደሆን አላውቅም። ቢሞት ግን ቤቱ፣ በልቶ ይሞት ነበር። ማሩን ደግ አድርገሻል። ካሴን ያኔ ልነግረው ይገባኝ ነበር፣ አቅም አጣሁ።»

እጄን ያዘችኝ፣ እጇ ቅጠል ቅጠል ይሸታል። «እኔ ነኝ የማልኩት» አለች። «አንቺ አልማልሽም። ለሚመጣው ሁሉ ንገሪ። መጀመሪያ ሐኪም ቤት ሂዱ፣ በሽተኛውን አታንገላቱ፣ አታስርቡ በያቸው። ስሙንም ንገሪያቸው።»

እሺ አልኳት። ዛሬም በር የሚያንኳኳ አላጣሁም፤ አጥሩ እስኪያገግም ታገሡ እያልኩ፣ እማ ያለችውንም እየጨመርኩ እመልሳቸዋለሁ። ስሙን ግን የሚጠይቀኝ የለም። ያን ቀን በወንዙ ዳር ጮኼ የለመንኩትን ስም ዛሬ አስፋው እንኳ ከአረቄው በፊት ይጠራዋል። የዋግ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ያልሰማው ንጉሤ ብቻ ነው።